በዝግታ የሚደርቅ ድንጋይ

ወንድሜን መሥሪያ ቤት ውስጥ «አቶ አመድ» ነበር የሚሉት። ፊት ለፊት አይደለም፤ ፊት ለፊትማ ማን ደፍሮ! በዕድሜም በሥራም ከሁሉም ይበልጥ ስለነበር ሲገባ ብድግ ይሉለታል፣ ዞር ሲል ይሳሳቃሉ። እህቱ መሆኔን እያወቁ እኔ ባለሁበት ያሉትም አሉ። እኔ ደግሞ ምላሴ አያርፍም፤ «አመድ ያድርግህና!» ብዬ መልሼ ከስንቱ ጋር ተኳርፌያለሁ። እሱ ግን ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፍ ነበር። እንዲያውም አንድ ቀን «ጩጬ፣ ተያቸው ባክሽ፤ ስሙን ወድጄዋለሁ» አለኝ። ጡረታ ልትወጣ ጥቂት የቀራትን ሴት ጩጬ የሚላት እሱ ብቻ ነበር።

ስሙ የወጣለት በአንድ ነገር ሳይታክት ስለሚከራከር ነው። ሥራችን ነዳጅ ፍለጋ ነው። እሱ የድንጋይ አጥኚ ነበር፣ እኔ ከጉድጓድ የወጣውን ድንጋይ የሚመረምረው ላቦራቶሪ ኃላፊ ነኝ። በእኛ መሥሪያ ቤት ነዳጅ የሚፈለገው በአሸዋ ድንጋይና በኖራ ድንጋይ ውስጥ ነበር። መቆፈሪያው እሳተ ገሞራ የወለደው ድንጋይ ላይ ሲደርስ «እሳት ባለፈበት ምን ነዳጅ ይገኛል?» ይሉና ናሙና እንኳ ሳያወጡ ሰንጥቀውት ያልፋሉ። ወንድሜ ነው «ቆዩ እስቲ» ያለው። «ቆዩ እስቲ» እንዳለ ጸጉሩ ነጣ። ያስተማራቸው ልጆች አለቆቹ ሆኑ፣ እሱ እዚያው ወንበሩ ላይ ቀረ። አመድ አፋሽ የሚባል ሰው ካለ እሱ ነበር።

ሚስቱን እትዬ ነው የምላት። እትዬ ልብስ ሰፊ ናት፤ ስለ ድንጋይ ጠይቃው አታውቅም። ወንድሜ ታሞ አልጋ ላይ ከዋለ በኋላ ግን አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የልብስ ስፌቷን እሱ ወዳለበት ክፍል ይዛ ገባችና ጥቂት ስትሰፋ ቆይታ፣ «እስቲ ይሄ አመድ አመድ የምትለው ነገር ምንድነው? ልጆች አሳድገን ዳርን፣ እኔ ግን እስከዛሬ አልገባኝም» አለችው። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ቀና ብሎ እንዲቀመጥ ትራሱን አስተካከልኩለት። ዓይኑ በራ። ይሄን ጥያቄ ዕድሜውን ሙሉ ከሷ ሲጠብቅ የኖረ ነው የመሰለኝ።

«ተራራው ሲፈነዳ የሚወጣው አመድ የምድጃ አመድ አይደለም» አላት። «የተቃጠለ እንጨት የለበትም። የቀለጠው ድንጋይ አየር ላይ ተበጣጥሶ፣ ወዲያው ቀዝቅዞ፣ የደቀቀ መስታወት ይሆናል። ነፋስ ይወስደዋል። ሐይቅ ላይ ሲደርስ ይረግፋል። ልብ በይ፣ ውሃው ላይ ሲወርድ ቀዝቃዛ ነው። እሳቱ እዚያው ተራራው ዘንድ ቀርቷል። እነዚህን ደንቆሮዎች ማስረዳት ያቃተኝ ይሄን ነው።»

«ደንቆሮ አትበል፣ ለጤናህ ጥሩ አይደለም» አለችው መርፌውን በከንፈሯ እንደያዘች።

«እሺ፣ የተማሩ ደንቆሮዎች።»

ሳቅን። ከዚያ በጣቱ ብርድ ልብሱ ላይ እየሣለ ቀጠለ። ሐይቁ ሥር ጥቁር ጭቃ አለ፤ ቅጠል፣ የሞተ ዓሣ፣ ውሃ ላይ የሚያድገው አረንጓዴ ነገር ሁሉ እዚያ ገብቶ ይበሰብሳል። አመዱ እሱ ላይ ይተኛል። እንደገና ጭቃ፣ እንደገና አመድ። ዘመን ሲደራረብበት እየሰመጠ ይሄዳል፣ ከላይ ያለው ክብደት ይጫነዋል፣ ድንጋይ ይሆናል። ወደ ታች በሰመጠ ቁጥር ይሞቃል። ያ ጥቁር ጭቃ በቀስታ ይበስልና ዘይት ያልበዋል።

«ዘይቱ ግን ብቻውን አይመጣም» አለ። «ከሱ ቀድሞ ኮምጣጣ ውሃ ይወጣል። ውሃው አመዱ ድንጋይ ውስጥ ይገባና መስታወቱን እየበላ ጥቃቅን ቀዳዳ ይሠራል፣ ዘይቱ ተከትሎ ይገባበታል። ከላይ ያለው ሸክላ ይከድነዋል። ሰው ነዳጅ ሲባል ከመሬት ሥር ሐይቅ ሠርቶ የተኛ ይመስለዋል። የታለ ሐይቁ? ዓይን በማያየው ቀዳዳ ውስጥ ነው ያለው።»

«ታዲያ ካለ ምን ያጨቃጭቃችኋል?» አለች እትዬ።

«ቀዳዳዎቹን እንደ ክፍል ቁጠሪያቸው፤ መኖራቸው ብቻ አይበቃማ። ከክፍል ክፍል በር አለ ወይ? በር ከሌለ ዘይቱ እንደተቆለፈበት ይቀራል፣ በማንም ጉድጓድ አይወጣም። እኔ በር አለ እላለሁ። እነሱ የለም ይላሉ።»

ነገሩ ይሄው ነበር። ከመታመሙ በፊት እንደምንም ለምኖም ተጣልቶም ከአንድ ጉድጓድ ውስጥ የአመዱን ድንጋይ ናሙና አስወጥቶ ነበር። እንደ ዘንግ ተቆርጦ የወጣው ድንጋይ በሳጥን ተጭኖ ላቦራቶሪያችን ሲመጣ ገና ክዳኑ ሳይነሳ ሽታው ቤቱን ሞላው። በሐምራዊው መብራት ሥር ስናደርገው ከዳር እስከ ዳር ወርቅማ ቢጫ ሆኖ አበራ፤ እንዲህ የሚያበራው ዘይት ነው። ሲሳሳቁ የነበሩት ሁሉ አንድ በአንድ እየመጡ አዩ።  የቀረው በሩ ነበር። ድንጋዩ ካሳለፈ ሁለተኛ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ካላሳለፈ ያለውም በሲሚንቶ ተደፍኖ ፍለጋው ይዘጋል፣ ተባለ።

በዚያው ሰሞን ሐኪሙ እኔንና እትዬን ኮሪደር ላይ ጠርቶ፣ ከእንግዲህ በሆስፒታል የሚደረግለት ነገር እንደሌለና ቤቱ ቢያስታምሙት እንደሚሻል ነገረን። ብዙ ጊዜ እንደሌለውም አልደበቀንም። ወንድሜ ፊታችንን ሲያይ ገባው። «ያን ቁጥር ሰምቼ ልሂድ እንጂ ሌላው ግድ የለኝም» አለኝ። እኔም ትሰማለህ አልኩት። አፌን በቆረጠው!

ቁጥሩ ማለት ምን እንደሆነ ልናገር። ከዘንጉ ላይ የአውራ ጣት ያህል ጉማጅ እንቆርጣለን፣ በውስጡ ያለውን ዘይት በኬሚካል አጥበን እናወጣለን፣ እናደርቀዋለን፣ ከዚያ በአንድ ጎኑ ጋዝ አስገብተን በሌላው ጎን ምን ያህል እንደሚወጣ እንለካለን። ለአሸዋ ድንጋይ ችግር የለውም። የአመድ ድንጋይ ግን አመለኛ ነው። በዘመን ብዛት መስታወቱ ከፊሉ ወደ ሸክላ ተለውጧል፣ ሸክላው ደግሞ በገጾቹ መካከል ውሃ ይዟል። በኃይለኛ ሙቀት ካደረቅከው ያ ውሃ ይጠፋል፣ ሸክላው ይኮማተራል፣ ድንጋዩ ይሰነጠቃል። ጋዙ በስንጥቁ ሹልክ ብሎ ያልፍና መሬት ሥር ያልነበረ በር ያለ ያስመስላል። ስለዚህ ለብ ባለና እርጥበት ባለው ማድረቂያ ውስጥ ለሳምንታት ማቆየት የግድ ነው። ይሄን ሥርዓት ላቦራቶሪያችን ውስጥ ያስገባው ራሱ ወንድሜ ነው።

ማድረቂያውን የሚይዘው ሰው ኤሊ ነው የሚባለው። የልጆች አባት ነው፣ ጎልማሳ። ወንድሜ ቀጥሮ፣ ወንድሜ አስተምሮ ያሳደገው ሠራተኛ ነው። ሻይ ሲጠጣ እንኳ ስኳሩ ራሱ እስኪሟሟ ይጠብቃል እንጂ አያማስልም። «ኧረ ዛሬ ይደርሳል?» እያልን ስናበሽቀው ፈገግ ይላል፣ በሥራው ግን አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም። ስለዚህ ከጠበቅነው ቀድሞ ጉማጁን ይዞ መለኪያው ውስጥ ሲያስገባ ስንት ቀን ቆየ ብዬ አልጠየቅኩም። ሥራውን ባላውቅ ይሻለኝ ነበር። የማውቅ ሰው ሆኜ አልጠየቅኩም፣ ምክንያቱም ቁጥሩን ፈልጌው ነበር። ቁጥሩ ወጣ። ትልቅ ነበር፤ ደህና የአሸዋ ድንጋይ የሚሰጠው ዓይነት ቁጥር። ኤሊን አቅፌ ጮህኩ። እሱ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር፣ ደንግጦ ነው አልኩ።

እየሮጥኩ ወንድሜ ቤት ሄድኩ። ቁጥሩን በጆሮው ነገርኩት። ደግመሽ በይ አለኝ። ደግሜ አልኩ። እጄን ይዞ ዓይኑን ጨፈነና «በር ነበረው» አለ። «ነበረው አላልኩም? ነበረው አላልኩም ጩጬ?» ከዚያ እትዬን ጠርቶ ጢሙን እንድትላጨው ጠየቃት።

በማግስቱ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች መጡ። ዋናው ኃላፊ ራሱ መጣ፤ ወንድሜ ካስተማራቸው አንዱ ነው። ክፍሉ ጠቦ ግማሾቹ በር ላይ ቆሙ። ዋናው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ «ጋሼ፣ እኛ አፍረናል። መቆፈሪያው እየተጫነ ነው። ጉድጓዱ በእርስዎ ስም ይጠራል» አለው። ወንድሜ ሊቀልድ ሞከረ፣ «አቶ አመድ በሉትና ስሙን አሳውቁት» አለ። ሁሉም መሬት መሬት አዩ። እሱ ግን የእውነቱን ነበር፣ ቂም የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ያን ቀን እትዬ ያመጣችለትን ሾርባ ጠርጎ በላ። ስንት ጊዜ በልመና አንድ ማንኪያ የሚወስድ ሰው!

ኤሊ ግን የለም። ስፈልገው ውጭ ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

«አንተ ምን ሆነህ ነው እዚህ የተጎለትከው? ሁሉ ውስጥ ነው፣ አንተን እየጠየቀ ነው።»

«አለቃ፣ እኔ አልገባም።»

«ለምን አትገባም?»

«ድንጋዩን ጠብሼዋለሁ» አለ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ። እሱ ግን መናገር ጀምሮ ነበር፣ እንባው ጉንጩ ላይ ይወርዳል። «ሐኪሙ ያሉትን ሰማሁ። ሥራው ሳምንታት ይፈጃል፣ ጋሼ ደግሞ ሳምንታት የላቸውም። የሙቀቱን ቁልፍ ወደ ላይ አዞርኩት። ትንሽ ቢለወጥ ነው ብዬ። ቁጥሩ ያን ያህል ሲሆን ደነገጥኩ፣ ልናገር ስል እርስዎ አቀፉኝ። ከዚያ በኋላ አፌ ተሳሰረ።»

አጠገቡ ተቀመጥኩ። እውነቱን ልናገር፣ ልመታው ፈልጌ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ሲጎተት ኖሮ የሚቸኩልበት ሌላ ቀን አጣ? ደግሞ ለምን እንደቸኮለ ሳስብ እጄ ዛለ። ከውስጥ የወንድሜ ሳቅ ይሰማል። ከታመመ ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አልሰማሁትም።

እንግዶቹ ሲሄዱ ለእትዬ ማድቤት ውስጥ ነገርኳት። ሳህን እያጠበች ነበር። ቧንቧውን ዘጋችና እጇን ሳታደርቅ ትከሻዬን ያዘችኝ።

«እንዳትነግሪው።»

«እትዬ...»

«እንዳትነግሪው አልኩሽ። ስንት ዓመት ሲሳቅበት የኖረ ሰው ነው። አሁን በልቷል፣ አይተሻል? ለኔ ብሎ አይደለም፣ ርቦት ነው የበላው። ለቢሮ የምትነግሪውን ንገሪ። እሱን ግን ተዪልኝ። እባክሽን፣ ተዪልኝ።»

እሺ አልኳት። እንዴት እምቢ ይባላል? ጠዋት ወደ ዋናው ኃላፊ ቢሮ ገብቼ ቁጥሩ ውሸት መሆኑን፣ ድንጋዩ በኃይለኛ ሙቀት ስለደረቀ መሰንጠቁን፣ ጥፋቱም የላቦራቶሪው ኃላፊ የሆንኩት የኔ መሆኑን ነገርኩት። ከወንበሩ ተነሳ። «መኪናው እኮ መንገድ ላይ ነው! ሰው ሁሉ ተነግሮታል!» ብሎ ጮኸ። ይጩህ፣ ሐቁ ነው። ሲበርድለት መስኮቱ ጋ ሄዶ ቆመና ፊቱን ሳያዞር «ለጋሼ ነግረሻቸዋል?» አለኝ። አልነገርኩም አልኩ። «ተያቸው» አለ። እሱም እንደ እትዬ። ከዘንጉ ላይ ያልተነኩ ጉማጆች ነበሩን፤ ኤሊ እነሱን አጥቦ ለብ ያለው ማድረቂያ ውስጥ አስገባቸው። መቆፈሪያውም ባለበት እንዲቆም ተደረገ።

ወንድሜ በቁጥሩ ኖረ። ሐኪሙ ከገመተው በላይ በረታ፤ ሁለተኛው ጉድጓድ የት ቢሆን እንደሚሻል ይነግረኛል፣ እኔ አዎ እላለሁ። እንደዚያ ዓይነት አዎ እንዴት እንደሚከብድ የዋለበት ያውቀዋል። አንድ ቀን፣ «ያን ጉማጅ አምጪልኝ፣ ያለፈውን። በእጄ ልያዘው» አለኝ። ሌላ ድንጋይ ልወስድለት አስቤ ነበር፣ በውሸት ላይ ውሸት መጨመር ግን አስጠላኝ። ደግሞ በሽተኛ ሰው በእጁ ይዞ ምን ያውቃል ብዬ ራሱን አመጣሁለት።

መዳፉ ላይ አገላበጠው። ከዚያ ወደ አፉ ወሰደና ምላሱ ላይ አደረገው። የድንጋይ ሰዎች እንደዚህ ናቸው፤ ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ ምላስ ላይ ይጣበቃል፣ ሸክላ ያለበትም እንደዚያው፣ ምን ያህል እንደሚጣበቅ በልምድ ያውቁታል። እትዬ እንኳ እሱን ከመላመዷ በፊት «ይሄ ሰውዬ ጠጠር ይበላል እንዴ?» ብላ እናቷ ዘንድ ሄዳ ነበር ይባላል። ጉማጁን ከምላሱ ሲያላቅቀው ጠበቅ ብሎ ነው የተላቀቀው። አየው። «ውሃ አቀብይኝ» አለ። ከብርጭቆው በጣቱ ጥቂት ጠብ አደረገበትና ወደ ጆሮው አስጠጋው። ድንጋዩ ውሃውን እየሳበ ጠቅ ጠቅ ሲል እኔም ከቆምኩበት ሰማሁት። ደቃቅ ቅርፊት አንሶላው ላይ ረገፈ። በሥርዓቱ የደረቀ ድንጋይ እንዲህ አያደርግም።

ቅርፊቱን በጣቱ ጫፍ ለቀመው።

«ኤሊ ነው አይደል?» አለኝ።

«ምኑ?»

«ጩጬ።»

«እሱ ነው» አልኩ። 

«ከሰው ሁሉ ኤሊ!» አለና ሳቀ፣ ሳቁ ሳል ሆነበት፣ ደግፌ አቀናሁት። ትንፋሹ ሲመለስለት፣ «ዋናው ያውቃል?» አለ።

«ያውቃል። ቁጥሩን ሰርዘነዋል። ሌሎቹ ጉማጆች በዝግታ እየደረቁ ነው።»

«አንቺስ መቼ አወቅሽ?»

«እነሱ ሊጠይቁህ የመጡ ዕለት።»

«አሃ። ስለዚህ በሩ ለእናንተ አንድ ቀን እንኳ አልቆየም» አለ። «ለኔ ግን እስከዛሬ ነበረ።»

«ደስ ብሎህ ነበር፣ ጋሽዬ።»

«በጣም» አለ። «በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። አባታችን ሲሞት ያላለቀሰ ሰው ነው፣ እኔን ተሸክሞ ያሳደገኝ ሰው ነው። እግሩ ሥር ተቀምጬ በብርድ ልብሱ ላይ እግሩን ያዝኩት፣ እኔም አለቀስኩ። እትዬ ገብታ ሁለታችንን ስታይ ገባት። እኔ ላይ እንደዚያ ስትቆጣ አይቻት አላውቅም። «አላስቻለሽም አይደል? አላስቻለሽም!» አለችኝ። ይገባኛል ብዬ ተቀበልኩት። ወንድሜ ነው ፊቱን ሳይመልስ፣ «እሷን ምን ትያታለሽ? ቀምሼ ያወቅኩት እኔ ነኝ» ያላት።

በማግስቱ ኤሊን አምጪልኝ አለ። ኤሊ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከስቶ ነበር።

«ቅረብ» አለው ወንድሜ። ቀረበ። «ማን ነው እንዲህ አድርግ ብሎ ያስተማረህ?»

«ማንም፣ ጋሼ።»

«እኔ ነኝ ወይ?»

«አይደሉም።»

«አንተ ከብት! ያን ሁሉ ዓመት የለፋሁብህ ለዚህ ነው? ውሸት ሰምቼ እንድሞት ነው የፈለግከው? ደግሞ ለኔ ብለህ! እኔ ጠየቅኩህ?» እያለ ድምፁ እስኪሰለል ሰደበው። ኤሊ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ማንም ሰው እስከዚያን ቀን አልሰደበውም ነበር፤ ሁላችንም አዝነንለት ነው የሰነበትነው። ስድቡን ሲፈልገው ቆይቶ ነበር መሰለኝ፣ የፊቱ ደም ሲመለስ አየሁ። ወንድሜ ሲደክመው እጁን ዘርግቶ የኤሊን እጅ ያዘ። «አሁን ስማኝ። ያሉትን ጉማጆች በሥርዓቱ አድርቅ። እኔ እደርሳለሁ ብለህ አትጠብቅ፣ አልደርስም። እኔ ከሞትኩ ደግሞ የሚያስቸኩልህ የለም ማለት ነው። ገባህ?»

«ገባኝ፣ ጋሼ።»

«በል ሂድ። ሥራ ፈተህ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

ከዚያ ወዲህ ስለ ሁለተኛው ጉድጓድ አላነሳም። ሾርባውንም ተወው። አንድ ጠዋት ስገባ ዓይኑ ክፍት ነበር፣ ጣሪያውን ያያል። «ጋሽዬ፣ ምን ያህል ይወጣ ይመስልሃል?» አልኩት።  «አላውቅም» አለኝ። ስለዚያ ድንጋይ ይሄን ቃል ከአፉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። አሁንም በር አለ በለኝ ብዬ ልለምነው ምንም አልቀረኝም፣ ግን ለኔ እንጂ ለሱ መጽናኛ እንደማይሆን አውቅ ነበር።

ጉማጆቹ ማድረቂያው ውስጥ እያሉ አረፈ። ቀብሩ ላይ የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ ነበር። ከመቃብር ስንመለስ ከሰዎቹ አንዱ ጠጋ ብሎ፣ ድንጋዩ አሁን ደርቆ ሊሆን ስለሚችል ማድረቂያውን ነገ ከፍተን እንድናይ ጠየቀኝ። ኤሊ ከጎኔ ሆኖ ሰምቶ፣ እኔ አፌን ሳልከፍት «አይከፈትም» አለው። የኤሊን ድምፅ እንደዚያ ሲጠነክር ሰምተን አናውቅም።

ጉማጆቹ በየዕለቱ እየተመዘኑ ክብደታቸው መቀነሱን እስኪያቆም ጠበቅን። አንድ ጠዋት ኤሊ መጥቶ «ደርሷል» አለኝ። የመጀመሪያውን መለኪያው ውስጥ አስገብቶ ጋዙን ለቀቀ። ቁጥሩ እዚያው ዜሮ አጠገብ ተንቀጥቅጦ ቆመ። ኢምንት ነበር። ሳላዘው ሁለተኛውን አስገባ፣ ሦስተኛውንም። ያው ነው። ክፍሎቹ አሉ፣ በር የላቸውም። እነዚያ «አቶ አመድ» እያሉ ሲሳሳቁ የኖሩት ሰዎች በዚህ በኩል ልክ ነበሩ። ይሄን መጻፍ አሁንም ያንገበግበኛል።

«እንኳንም ይሄን ሳያዩ ሄዱ» አለ ኤሊ ቀስ ብሎ።

«ዝም በል!» አልኩት። ላቦራቶሪው ውስጥ ያሉት ሁሉ ዞሩ። «እንኳን አትበል! በገዛ እጁ ያንን ትልቁን ቁጥር ጥሎ የጠየቀው ይሄን ነው። ይሄን ሊያይ ይገባው ነበር። አይቶ ቢሰድበኝ፣ ደግሜ ለኪ ቢለኝ፣ ቢናደድ... ሊያይ ይገባው ነበር!»  ኤሊ ጉማጆቹን አንድ በአንድ ወደ ሳጥናቸው መለሰ።

ለእትዬ ልደውል አልደውል ስል ቆየሁ። ከተቆጣችኝ ቀን ወዲህ ሰላምታችን ቀዝቅዞ ነበር። እኔ ሳልወስን ስልኩ ጮኸ፤ ራሷ ናት።

«ድንጋዩ ደረቀ?» አለችኝ።

«ደረቀ፣ እትዬ። አሁን ለክተን ጨረስን።»

«እሺ ንገሪኝ። እሱ ቢኖር ይጠይቅሽ አልነበር?»

ነገርኳት። ቁጥር ስለሆነ ለሷ ትርጉም እንደማይሰጣት አውቄ ቆም አልኩ።

«ትንሽ ነው?»

«በጣም ትንሽ ነው።»

«እና ጉድጓዱን ሊደፍኑት ነው?»

«ሊደፍኑት ነው።»

ከወዲያ የስፌት መኪናዋ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ቆመ።

«ዘይቱስ?» አለች።

«ምኑ፣ እትዬ?»

«ዘይቱ አለ ወይ ነው የምልሽ። አለ ብሎ ነበር እኮ። አመዱ ውስጥ ዘይት አለ ብሎ ነበር።»

«እሱማ አለ» አልኳት። «በዓይናችን አይተነዋል። ሞልቶ ነው ያለው፣ እትዬ። መውጫ ነው ያጣው።»

«አለ?»

«አለ።»

ቀብር ላይ እኔን ስትደግፍ የዋለችው ሴት ያኔ ስልኩን እንደያዘች ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እኔም አልዘጋሁም፣ አይዞሽም አላልኳትም። ኤሊ ማሽኑን አጠፋና ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።